የዓለም ታሪክ ከሃይማኖትና ከቅኝ አገዛዝ ተነጥሎ አይማሩትም፦ ለሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት ክፍል የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት ክፍል ኃላፊዎች
ግልባጭ፦ ለተማሪ ወላጆችና ለሕዝብ

ጉዳዩ፦ የዓለም ታሪክ ትምህርት እንዲያጥርና የሃይማኖቶች ታሪክ ከትምህርቱ እንዲወጣ የተላለፈውን ውሳኔ ይመለከታል

የተከበራችሁ የክፍሉ ኃላፊዎች፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታችንን እናቀርባለን። ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የዓለም ታሪክ የምናስተምር መምህራን ነን። ለሕዝብ ግልጽ ያደረግነው ቀደም ሲል በየትምህርት ቤቶቻችን በኩል ያቀረብናቸው ጥያቄዎች ምላሽ ስላላገኙና ጉዳዩም የእኛ ብቻ ስላልሆነ ነው። ውሳኔያችሁ የሚነካው ነገ ዳኛ፣ ወታደር፣ ጋዜጠኛና ሕግ አውጪ የሚሆኑትን ልጆች ነው።

በትምህርት ዘመኑ መግቢያ የደረሰን መመሪያ ሦስት ነገሮችን ያዛል። በሁለት መንፈቀ ዓመት ይሰጥ የነበረው የዓለም ታሪክ በአንድ መንፈቀ ዓመት እንዲጠቃለል፤ የዓለም ሃይማኖቶችን አመጣጥና መስፋፋት የሚያስተምረው ምዕራፍ «አከራካሪ በመሆኑ» እንዲወጣ፤ ሦስት ምዕራፍ የነበረው የቅኝ አገዛዝ ታሪክ በአንድ ምዕራፍ እንዲጨመቅ። አባሪው ደግሞ በክፍል ውስጥ ሃይማኖት ነክ ጥያቄ ከተነሳ መምህሩ ሳይመልስ ተማሪውን ወደ ቤተሰቡ እንዲመራው ያሳስባል። ይህ ሁሉ ሲወሰን አስተያየቱን የተጠየቀ የታሪክ መምህር አናውቅም።

በዚህ ደብዳቤ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቅሬታችንን ከአዲሱ የመማሪያ መጽሐፍ ረቂቅ እንጀምር። ስለ 1857ቱ የሕንድ አመፅ የሚናገረው አንቀጽ፣ ሕንድን ይገዛ በነበረው የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ጦር ውስጥ ያገለግሉ የነበሩት ሕንዳውያን ወታደሮች «አዲስ በመጣው ጥይት ምክንያት» እንዳመፁ ይገልጽና ወደሚቀጥለው ርዕስ ያልፋል። አንድ ተማሪ ይህን አንብቦ ምን ይረዳል? ጥይቱ የተበላሸ ነበር ብሎ ያስብ ይሆናል። የሆነው ግን ሌላ ነው። የኤንፊልድ ጠመንጃ ጥይትና ባሩድ በወረቀት ተጠቅልሎ ይመጣ ነበር፤ ወታደሩ ወረቀቱን በጥርሱ ቀዶ ባሩዱን በአፈሙዙ ማፍሰስ ነበረበት። ወረቀቱ የተቀባው ቅባት የላምና የአሳማ ስብ ነው የሚል ወሬ በየጦር ሰፈሩ ተዛመተ። ላም ለሂንዱው የተቀደሰች ናት፤ አሳማ ለሙስሊሙ እርም ነው። አንድ ትእዛዝ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ከእምነታቸው የሚያስወጣቸው ሆኖ ታያቸው። በሜሩት ከተማ ጥይቱን አንነካም ያሉ 85 ፈረሰኞች ለፍርድ ቀርበው የረጅም ዓመታት ከባድ የጉልበት ሥራ ተፈረደባቸው፤ ግንቦት ወር በገባ በ9ኛው ቀን በጓዶቻቸው ፊት የደንብ ልብሳቸው ተገፎ እግር ብረት ገባላቸው። በማግስቱ ጓዶቻቸው እስር ቤቱን ሰብረው አስፈቷቸውና ወደ ዴልሂ ገሰገሱ። እዚያም ሂንዱውና ሙስሊሙ ወታደር አንድ ላይ ሆነው ሽማግሌውን የሙጋል ንጉሠ ነገሥት ባሃዱር ሻህ ዛፋርን መሪያችን ሁን አሉት።

ለአመፁ ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ። በ1856 በሰሜን ሕንድ የነበረው የአዋድ መንግሥት በኩባንያው ተውጧል፤ መሬት ተነጥቋል፤ የወታደሩ ደመወዝና ማዕረግ የበደል ምንጭ ሆኖ ቆይቷል። ቢሆንም የሂንዱና የእስልምና ሥርዓት ምን እንደሚከለክል ያልተማረ ልጅ፣ እነዚያ 85 ሰዎች በሰልፍ መካከል ቆመው ለምን «አንነካም» እንዳሉ ፈጽሞ ሊገባው አይችልም። ቅኝ ገዢዎቹ እንኳ ገብቷቸዋል። በ1858 የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ አገዛዝ አብቅቶ ሥልጣኑ ወደ ብሪታንያ ዘውድ ሲዛወር ንግሥት ቪክቶሪያ ባወጣችው አዋጅ በተገዢዎቿ እምነት ጣልቃ እንደማትገባ ቃል ገብታለች። በዚያ ዘመን የነበረ የቅኝ ግዛት ጽሕፈት ቤት ሃይማኖትን ከታሪኩ ነጥሎ ማየት እንደማይቻል ካወቀ፣ የዛሬ የሥርዓተ ትምህርት ክፍል እንዴት ሊዘነጋው እንደቻለ ማብራሪያ እንፈልጋለን።

ይኸው ክር እስከ 1947 ይዘልቃል። ቤንጋል በ1905 ለሁለት ስትከፈል ምሥራቁ ሙስሊሙ፣ ምዕራቡ ሂንዱው የሚበዛበት ሆነ፤ ክፍፍሉ በ1911 ቢሻርም በመካከሉ በ1909 የወጣው ሕግ ሙስሊሙ መራጭ ለብቻው ተወካዩን እንዲመርጥ አደረገ። ሃይማኖት የምርጫ መዝገብ ሆነ። በመጨረሻም ከዚያ በፊት ሕንድን ረግጦ የማያውቀው እንግሊዛዊ የሕግ ሰው ሲሪል ራድክሊፍ አምስት ሳምንት ገደማ ተሰጥቶት ፑንጃብንና ቤንጋልን የሚከፍለውን መሥመር አሰመረ። መሥመሩ ለሕዝብ የተገለጸው ነሐሴ 17 ቀን ነው፤ ሕንድና ፓኪስታን ነጻ ከወጡ በኋላ ማለት ነው። ሰዎች በየትኛው አገር እንዳሉ ሳያውቁ የነጻነት በዓል አከበሩ። ከዚያ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ በባቡር፣ በበሬ ጋሪና በእግር አቅጣጫ ለአቅጣጫ ተሰደደ፤ ስንት ሰው እንደሞተ የታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም አይስማሙም፤ ዝቅተኛው ግምት እንኳ መቶ ሺዎችን ይቆጥራል። ረቂቁ ለዚህ ሁሉ የሰጠው አንድ ዓረፍተ ነገር ሲሆን እሱም «ሕንድና ፓኪስታን በሃይማኖት ልዩነት ምክንያት ተለያዩ» ይላል። የሃይማኖት ትምህርቱን አውጥታችሁ ጥፋቱን ግን በሃይማኖት ላይ ጥላችኋል። ልጆቹ ከዚህ የሚወስዱት የተለያየ እምነት ያለው ሕዝብ አብሮ መኖር አይችልም የሚለውን ነው፤ ለዘመናት አብሮ እንደኖረ፣ በ1857 በአንድ ዓላማ አብሮ እንደቆመ፣ ከዚያም የአስተዳደር ውሳኔዎች በየደረጃው እንደለያዩት የሚያውቁበት መንገድ የላቸውም።

ሁለተኛው ቅሬታችን ከሁሉም በላይ ያሳዘነን ነው፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርገን እናቀርበዋለን።

ከባልደረቦቻችን አንዷ ስለ አፍሪካ ቅርምት እያስተማረች ሳለ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። «ክርስትናን ወደ አፍሪካ ያመጡት ቅኝ ገዢዎች ናቸው ይባላል፤ እስልምናንም ያመጡት ነጋዴዎችና ባሪያ ፈንጋዮች ናቸው ይባላል። ታዲያ የእኛ የምንለው እምነት የማን ነው?» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። በዚያ ክፍል ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለ፤ ሁሉም የመምህርቷን ፊት ያያሉ። እሷም ጠመኔዋን አንስታ በሰሌዳው ላይ አራት መሥመር ጻፈች። አራተኛው ምዕተ ዓመት፣ የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ተቀበለ። 615 አካባቢ፣ ከመካ የተሰደዱ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች በአክሱም ንጉሥ ዘንድ ተጠለሉ። 1491፣ የኮንጎው ንጉሥ ንዚንጋ አ ንኩዉ ከፖርቱጋል በመጡ ቄሶች እጅ ተጠመቀ። 1864፣ በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ ከባሪያ መርከብ ላይ የተረፈው ሳሙኤል አጃዪ ክራውዘር የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ሆኖ ተሾመ። «አራቱ መንገዶች አንድ ናቸው?» ብላ ጠየቀቻቸው። ተማሪዎቹ መከራከር ጀመሩ፤ ደወል ሲደወል እንኳ ክርክሩ አላበቃም።

በሳምንቱ ለመምህርቷ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። ጥፋቷ አባሪውን አለማክበር ነው ተባለ። ያንን ጥያቄ ወደ ቤት ብትመልሰው ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ልጁ መልሱን ያገኝ የነበረው ወይ ስለ ሌላው እምነት ከማያውቅ ሰው፣ ወይ በስልኩ ላይ ከሚንሸራተት የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ነው። የታሪክ መምህር ሥራ ምን እንደሆነ ከተጠየቅን የዚያን ቀን በዚያ ክፍል የተሠራውን ሥራ እናሳያለን። ያ ሥራ በግል ማኅደር ውስጥ በጥፋት መመዝገቡን አንቀበልም።

ለተማሪው ጥያቄ ታሪክ ሙሉ መልስ አለው፤ መልሱም ማንንም አያስቀይምም። አዎን፣ ሃይማኖት የወረራ መሣሪያ ሆኖ አገልግሏል። በ1455 የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ኒኮላስ 5ኛ ለፖርቱጋል ንጉሥ በሰጡት ደብዳቤ ክርስቲያን ያልሆኑ ሕዝቦችን መሬት መውረስና ሰዎቹን ለዘለዓለም ባርነት መዳረግ ፈቅደዋል፤ ቫቲካን በዚህና በመሰል ደብዳቤዎች ላይ የቆመውን አስተምህሮ በይፋ የተወችው በመጋቢት 2023 ነው። በዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን በ1537 ጳውሎስ 3ኛ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ነጻነታቸውንና ንብረታቸውን ሊነጠቁ አይገባም ብለው ጽፈዋል፤ ዶሚኒካኑ መነኩሴ ባርቶሎሜ ዴ ላስ ካሳስ በ1550 እና በ1551 በስፔን ቫያዶሊድ ከተማ ስለ እነዚሁ ሕዝቦች ሰብዓዊ ክብር ቆሞ ተከራክሯል። የኮንጎው ንጉሥ አፎንሶ 1ኛ፣ የንዚንጋ አ ንኩዉ ልጅ፣ በ1526 ለፖርቱጋል ንጉሥ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ነጋዴዎች የመኳንንቱን ልጆችና ዘመዶቹን ሳይቀር አፍነው እየሸጡ አገሪቱን ባዶ እያስቀሩ መሆኑን ከሷል፤ ካህናትና መምህራን እንዲላኩለትም ጠይቋል። ይህን ሰው «የተታለለ» ብሎ ማለፍም «ባለሥልጣን ተባባሪ» ብሎ መኮነንም ቀላል ነው። ደብዳቤዎቹን ያነበበ ተማሪ ሁለቱንም ለማለት ይቸገራል፤ እኛም የምንፈልገው ያንን መቸገር ነው።

ተቃውሞውም ከየእምነቱ ወጥቷል። በሊቢያ ኢጣሊያን ለሃያ ዓመት ገደማ የተዋጋው ዑመር አል ሙኽታር የቁርኣን መምህር ነበር፤ በመስከረም 1931 በሰባዎቹ ዕድሜው በስቅላት ተገደለ። በኒያሳላንድ፣ በዛሬዋ ማላዊ፣ በ1915 በእርሻ ባለቤቶችና በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ የተነሳው ጆን ቺሌምብዌ የባፕቲስት ቄስ ነበር። በጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ ከ1905 እስከ 1907 የተካሄደው የማጂ ማጂ አመፅ የጀመረው ኪንጂኪቲሌ የተባለ የባህላዊ እምነት ሰው የሰጠው ውኃ ጥይትን ወደ ውኃ ይለውጣል ብለው ባመኑ ገበሬዎች ነው። በቤልጂየም ኮንጎ ሲሞን ኪምባንጉ በ1921 ለጥቂት ወራት ከሰበከና ሕዝብ ከተከተለው በኋላ ታስሮ፣ 30 ዓመት በእስር ቆይቶ በ1951 እዚያው ሞተ። የእምነት ቦታም የወረራ ዒላማ ሆኗል፤ የፋሺስት ጦር በግንቦት 1937 በደብረ ሊባኖስ ገዳም መነኮሳትንና ምእመናንን በጅምላ ረሽኗል። እነዚህ ሁሉ ስሞች በቀድሞው መጽሐፍ ውስጥ ነበሩ ማለታችን አይደለም፤ ብዙዎቹ አልነበሩም። መምህሩ ግን ከምዕራፉ ተነስቶ ሊያነሳቸው ይችል ነበር። ዛሬ ያ በር ተዘግቷል።

የቀድሞውም ምዕራፍ ቢሆን መሻሻል ነበረበት። ለእያንዳንዱ ሃይማኖት አንድ ሠንጠረዥ ሰጥቶ መሥራቹን፣ ቅዱስ መጽሐፉንና ዋና ዋና በዓላቱን የሚያስሸመድድ ነበር። ሃይማኖት በዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ እንቅስቃሴ የለውም፤ አይከራከርም፣ አይከፋፈልም፣ ከንግድ ጋር አይጓዝም። ቡድሂዝም ከተወለደባት ሕንድ ተነስቶ በመካከለኛው እስያ የንግድ መሥመሮች ቻይና እንዴት እንደገባ፣ በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ የተፈጠረው መለያየት የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናትን ዕጣ እንዴት እንደወሰነ፣ እስልምና በኢንዶኔዥያ ደሴቶች በአብዛኛው በነጋዴዎችና በመምህራን እንደተስፋፋ የሚገልጽ ቦታ አልነበረውም። ይስተካከል ብለን ጠይቀን ነበር፤ የተሰጠን መልስ ምዕራፉን ጨርሶ ማውጣት ሆነ።

ሦስተኛ፣ ወደ አንድ ምዕራፍ የተጨመቀው የቅኝ አገዛዝ ታሪክ ስሕተት ይዞ መጥቷል። ረቂቁ «በበርሊን ጉባኤ አፍሪካ በማስመሪያ ተከፋፈለች» ይላል። ከኅዳር 1884 እስከ የካቲት 1885 በተካሄደው ጉባኤ 14 መንግሥታት ተገኝተዋል፤ ከአፍሪካ አንድም ተወካይ አልተጠራም። ዛሬ የምናውቃቸው ድንበሮች ግን አብዛኞቹ የተሰመሩት በዚያ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ኃያላኑ ሁለት ሁለት ሆነው በፈረሙት ውልና በጦር ሜዳ ነው። ጉባኤው ያወጣው የቅርምቱን ደንብ ነው፤ የኮንጎንና የኒጀርን ወንዞች ለንግድ ክፍት አደረገ፤ የባሕር ዳርቻ የያዘ መንግሥት ይዞታውን ለሌሎቹ እንዲያሳውቅና ሥልጣኑን በቦታው እንዲያረጋግጥ ደነገገ። ለተማሪ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። ድንበር በአንድ ቀን ተሰመረ ብሎ የሚያምን ልጅ ዛሬ ስለሚነሳ የድንበር ክርክር የሚያጣቅሰው ውል እንኳ አይኖረውም።

የበርሊኑ ስምምነት አንቀጽ 6 በክፍል ውስጥ ቢነበብ ከምዕራፉ ሁሉ ይበልጥ ያስተምራል። ፈራሚዎቹ የነባሩን ሕዝብ ሥነ ምግባራዊና ቁሳዊ ኑሮ እንደሚያሻሽሉ፣ ባርነትን እንደሚዋጉ፣ የሃይማኖትና የበጎ አድራጎት ተቋማትን ያለ ልዩነት እንደሚጠብቁ፣ የኅሊና ነጻነትንም እንደሚያረጋግጡ ቃል ገብተውበታል። ከአምስት ዓመት በኋላ ጆርጅ ዋሽንግተን ዊሊያምስ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ፣ የታሪክ ጸሐፊም የባፕቲስት ቄስም የነበረ ሰው፣ ኮንጎን ተዘዋውሮ አየ። በሐምሌ 1890 ኮንጎን እንደ ግል ግዛቱ ይገዛ ለነበረው ለቤልጂየሙ ንጉሥ ሊዮፖልድ 2ኛ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ፤ በማታለል የተፈረሙ ውሎችን፣ የተቃጠሉ መንደሮችን፣ የባሪያ ንግድን እያነሳ በተራ ቁጥር ከሰሰው። በቀጣዩ ዓመት በ41 ዓመቱ ሞተ። ከእሱ በኋላ ሚሲዮናዊቷ አሊስ ሲሊ ሃሪስ በ1904 ያነሳችው ፎቶግራፍ አንድ አባት በሚሲዮኑ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ የገዛ ሴት ልጁን የተቆረጠ እጅና እግር ሲመለከት ያሳያል። የታዘዘው የጎማ መጠን አልሞላም ተብሎ ነው። በዚያው ዓመት የብሪታንያው ቆንስል ሮጀር ኬዝመንት ምስክርነት የሰበሰበበት ሪፖርት ወጣ፤ በ1908 ግዛቱ ከንጉሡ እጅ ወጥቶ ለቤልጂየም መንግሥት ተላለፈ። አንቀጽ 6ን፣ የዊሊያምስን ደብዳቤና ያንን ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ያየ ተማሪ ስለ ኢምፔሪያሊዝም ማንም ሊነጥቀው የማይችል እውቀት ይዞ ይወጣል። ቄስም ሚሲዮናዊትም በዚህ ታሪክ ውስጥ በከሳሽነት እንደቆሙ ያያል።

ያለፈው ዓመት ማጠቃለያ ፈተና ስለዚህ ሁሉ የጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ «የበርሊን ጉባኤ የተጀመረው በየትኛው ዓመት ነው?» ከአራት ምርጫ ጋር። አብዛኞቹ ተማሪዎቻችን አግኝተውታል። በማግስቱ ጉባኤው ለምን እንደተጠራ ስንጠይቃቸው የመለሱት ጥቂቶች ናቸው።

አራተኛ፣ ረቂቁ ቅኝ አገዛዝን ባንዲራ በወረደበት ቀን ይዘጋዋል። የኢምፔሪያሊዝም ውርስ የሚባል ነገር በውስጡ የለም። ሄይቲ በ1804 ባሪያዎች በገዛ ትግላቸው ነጻ ያወጧት አገር ናት። በ1825 የፈረንሳይ የጦር መርከቦች ወደቧ ላይ ቆመው ለቀድሞ የባሪያ ባለቤቶች ካሣ 150 ሚሊዮን ፍራንክ እንድትከፍል አስገደዷት፤ በ1838 ወደ 90 ሚሊዮን ዝቅ ቢልም ለዚሁ ስትል የገባችበት የባንክ ዕዳ ተከፍሎ ያለቀው በ1947 ነው። ብሪታንያም በ1833 ባርነትን በግዛቶቿ በሕግ ስትሽር 20 ሚሊዮን ፓውንድ መድባለች፤ ገንዘቡ የተከፈለው ለባሪያ ባለቤቶች ሲሆን ነጻ ለወጡት ሰዎች አንድም ሳንቲም አልደረሳቸውም። ለዚያ ክፍያ የተወሰደው ብድር ሙሉ በሙሉ የተዘጋው በ2015 ነው። ተማሪዎቻችን ሲወለዱ ያ ብድር ገና እየተከፈለ ነበር ብለን ስንነግራቸው ታሪክ በእነሱ ዘመን ውስጥ እንዳለ ያኔ ይገባቸዋል። ጀርመን ከ1904 እስከ 1908 በዛሬዋ ናሚቢያ በሄሬሮና በናማ ሕዝቦች ላይ የፈጸመችው ጭፍጨፋ የዘር ማጥፋት መሆኑን መንግሥቷ በይፋ የገለጸው በ2021 ነው። በሩዋንዳ የቤልጂየም አስተዳደር በ1930ዎቹ በመታወቂያ ላይ ያሰፈረው ሁቱና ቱትሲ የሚል መለያ በ1994 በየኬላው ሰው የሚገደልበት ማስረጃ ሆኗል። እነዚህ ያለፉ ጉዳዮች ናቸው የሚል ካለ ለየት ያለ የቀን መቁጠሪያ ይጠቀማል ማለት ነው።

በዚሁ ላይ፣ አዲሱ ምዕራፍ ኢምፔሪያሊዝም የአውሮፓ ብቻ እንደነበረ ያስመስላል። ጃፓን ኮሪያን ከ1910 እስከ 1945 ገዝታለች፤ ኮሪያውያን የጃፓን ስም እንዲይዙና በጃፓን ባህላዊ እምነት በሺንቶ መቅደሶች እንዲሰግዱ አስገድዳለች፤ አንሰግድም ያሉ ክርስቲያኖች ታስረዋል። የኦቶማን፣ የሩሲያና የቻይናው ቺንግ ሥርወ መንግሥት ግዛቶችም የየራሳቸው አገዛዝና ተገዢ ነበራቸው። ተማሪው የአገዛዝን አሠራር ማወቅ ያለበት የትኛውም ኃይል ሲፈጽመው እንዲለየው ነው።

መመሪያውን ያወጣችሁበትን ሥጋት እንረዳለን። የተለያየ እምነት ያላቸው ልጆች በአንድ ክፍል ሲቀመጡ አንድ የተሳሳተ ቃል ጠብ ሊያስነሳ ይችላል። የሰበከ ወይም የሌላውን እምነት ያንቋሸሸ መምህር ካለ ይጠየቅ፤ ከጎናችሁ እንቆማለን። ስለ ሃይማኖት ማስተማርና ሃይማኖትን መስበክ ግን የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። መምህሩ «ሙስሊሞች እንዲህ ያምናሉ፣ ሂንዱዎች እንዲህ ያምናሉ፣ በዚህ ዘመን ይህ ሆነ» ይላል፤ የትኛው እውነት ነው የሚለውን ለቤተሰብና ለእምነት ተቋማት ይተዋል። ድንበሩ ይኸው ነው፤ ጽፋችሁ ብትሰጡን በደስታ እንፈርምበታለን። የከለከላችሁን ግን ድንበሩን ማለፍን ሳይሆን ወደ ሜዳው መግባትን ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

ሃይማኖት ነክ ጥያቄዎች እንዳይመለሱ የሚያዘው አባሪ በአስቸኳይ ይሰረዝ። በእሱ ምክንያት ለባልደረባችን የተሰጠው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከግል ማኅደሯ ይውጣ፤ ለዚህ የኮሚቴ ስብሰባም የሚያስፈልግ አይመስለንም።

የዓለም ታሪክ ወደ ሁለት መንፈቀ ዓመት ይመለስ። የሃይማኖቶች ታሪክ ምዕራፍ በሠንጠረዥ ሳይሆን በታሪክ መልክ እንደገና ተጽፎ ይግባ፤ ረቂቁንም የታሪክ መምህራንና የተለያዩ እምነቶች ምሁራን አብረው ይገምግሙት።

የቅኝ አገዛዝ ምዕራፎች ከነጻነት በኋላ ያለውን ዕዳ፣ ድንበር፣ የተዘረፈ ቅርስና የይቅርታ ጥያቄ እንዲያካትቱ ይደረግ። ስለ በርሊን ጉባኤና ስለ 1857 አመፅ የተጻፉት አንቀጾች መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት ይታረሙ። ከታተመ በኋላ ማረሚያ ወረቀት መለጠፍ በየክፍሉ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ ቀደም አይተነዋል።

ለየትምህርት ቤቱ የዋና ሰነዶች ጥራዝ ይዘጋጅ። የአፎንሶ ደብዳቤዎች፣ የበርሊኑ ስምምነት፣ የዊሊያምስ ግልጽ ደብዳቤና የ1858ቱ አዋጅ የማንም የቅጂ መብት የለባቸውም፤ የሚጠይቁት ትርጉምና ወረቀት ብቻ ነው። ትርጉሙን ያለ ክፍያ ለመሥራት ፈቃደኞች የሆኑ ባልደረቦች አሉን፤ ስም ዝርዝራቸውን በጠየቃችሁን ቀን እናቀርባለን።

የማጠቃለያ ፈተናው ቢያንስ አንድ ሰነድ አቅርቦ «ማን ጻፈው፣ ለማን፣ ለምን፣ ምን ትቶ አለፈ?» ብሎ የሚጠይቅ ክፍል ይኑረው። በምርጫ ብቻ የሚፈተን ተማሪ በምርጫ ብቻ ያጠናል፤ መምህሩም ለዚያው ያስተምራል።

በመጨረሻም የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት መርሐ ግብር ከመውጣቱ በፊት ከተወካዮቻችን ጋር በአካል እንድትነጋገሩና ውሳኔያችሁን ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንድትሰጡን እንጠይቃለን። መልሱ «አይሆንም» ቢሆን እንኳ በጽሑፍ ይድረሰን፤ ለተማሪዎቻችንና ለወላጆቻቸው ቃል በቃል እናነብላቸዋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የዓለም ታሪክ መምህራን ተወካይ